ይድነቃቸው ተሰማ፤ ከአራዳ ሜዳ እስከ ካርቱም

ከመተማ ዮሐንስ ተነሥቶ ድንበሩን ወደ ገላባት የተሻገረ መንገደኛ በገዳሪፍ በኩል አድርጎ ካርቱም ይደርሳል። እኛ የምዕራብ ጎንደር ቆላ ሰዎች ይህን መንገድ የምናውቀው በሰሊጥና በጥጥ ንግድ ነው፤ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የካርቱምን ጦርነት ሸሽተው ወደ መተማ በተሻገሩት ስደተኞች ይበልጥ አውቀነዋል። በዚያችው ከተማ በ1949 ዓ.ም. የካቲት ወር ከጥቂት አፍሪካውያን ጋር ሆነው አንድ ትልቅ ነገር የመሠረቱ ኢትዮጵያዊ ነበሩ፤ ስማቸውም ይድነቃቸው ተሰማ ይባላል።

ስለ ኳስ ሰው በዚህ መጽሔት መጻፋችን ለአንዳንድ አንባብያን እንግዳ ነገር ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ፀሐይ በረድ ሲል ልጆቻችን በየሜዳው ተሰብስበው ቡድን ሲከፋፈሉ ቆመን የተመለከትን ሁሉ፣ ማን ከማን ጋር ይሰለፋል የሚለው ጥያቄ ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን። የይድነቃቸው የሕይወት ዘመን ትግልም በዚሁ ጥያቄ ላይ የቆመ ነበር።

ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዕለት፣ በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በቅኔያቸውና በዘፈናቸው የታወቁ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን ተልከው የአማርኛ ዜማ በሸክላ ያስቀረጹ ሰው ነበሩ። ልጁ ግን ከዜማው ይልቅ ወደ ኳሱ አዘነበሉ። የቅዱስ ጊዮርጊስ የእግር ኳስ ቡድን በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አራዳ ሲቋቋም ገና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ በዚያው ቡድን ውስጥም ለሃያ ሦስት ዓመታት ተጫውተዋል።

ቡድኑ በተመሠረተ በወራት ውስጥ የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ በኋላ ሜዳው በዘር ተከፈለ። ነጮች ከነጮች ጋር፣ የአገሩ ተወላጆችም እርስ በርሳቸው ብቻ እንዲጫወቱ ሆነ፤ ቡድኑም የራሱን ስም ትቶ የጣሊያን ስም እንዲሸከም ተገደደ። አንድ ወጣት በገዛ አገሩ፣ በገዛ ከተማው ሜዳ ላይ፣ ከሌላው ጋር ለመሰለፍ አይበቃም ሲባል ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም። በኋላ ያደረጉትን ሁሉ ስንመረምር የዚያ ዘመን ጠባሳ ከልባቸው እንዳልጠፋ እንገነዘባለን።

ነፃነት ከተመለሰ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ተደረገ። ይህ የውድድር ዘመን ጥቂት ቆም ብለን ልናየው የሚገባ ነው። የተወዳደሩት አምስት ቡድኖች ብቻ ሲሆኑ፣ አምስቱም በከተማይቱ የሚኖሩትን ሕዝቦች የሚወክሉ ነበሩ፤ ይኸውም የኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ እንዲሁም የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ናቸው። ትናንት ገዥና ተገዥ ተብለው የተለያዩ ሰዎች ዛሬ በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ዳኛ ፊት፣ በአንድ ሕግ ተገናኙ። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞች ናቸው። ቅዱስ ጊዮርጊስ የሻምፒዮንነቱን ማዕረግ ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘው ከስድስት ዓመት በኋላ በ1942 ዓ.ም. ነው። እኛ ግን የዚያ የ1936 ውድድር ታላቅነት በውጤቱ ሳይሆን በአሰላለፉ ነበር ብንል የተሳሳትን አይመስለንም።

ወደ ካርቱም እንመለስ። የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. የግብፅ፣ የሱዳን፣ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ መልእክተኞች ተሰብስበው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌደሬሽንን መሠረቱ፤ የመጀመሪያውን የአፍሪካ ዋንጫም እዚያው ለማካሄድ ተነሡ። ደቡብ አፍሪካ ግን ወይ ነጮች ብቻ ያሉበት አለዚያም ጥቁሮች ብቻ ያሉበት ቡድን እንጂ ድብልቅ ቡድን አልልክም አለች። የቀሩት ሦስቱ አገሮች ይህን አልተቀበሉም፤ ስለዚህ ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ወጣች። በዕጣው መሠረት ከእርስዋ ጋር መጋጠም የነበረባት ኢትዮጵያ ነበረች፤ በዚህም ምክንያት ቡድናችን ሳይጫወት ለፍጻሜ አለፈ። የካቲት 9 ቀን ከግብፅ ጋር ገጥሞ 4 ለ 0 ተሸነፈ፤ አራቱንም ግብ ያገባው አድ-ዲባ የተባለው ግብፃዊ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ያ ሁለተኛነት በእግር የተገኘ አልነበረም።

በእግር የተገኘው ድል የመጣው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ሲካሄድ የቡድናችን አሠልጣኝ ይድነቃቸው ነበሩ። በግማሽ ፍጻሜ ቱኒዚያን 4 ለ 2 ካሸነፉ በኋላ፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ የጥምቀት በዓል ካለፈ ገና በሁለተኛው ቀን፣ በተባበረችው ዓረብ ሪፑብሊክ ስም ከምትጫወተው ግብፅ ጋር ለፍጻሜ ቀረቡ። ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፤ ግርማ ተክሌና ሉቻኖ ቫሳሎ ሁለት ጊዜ አቻ አደረጉ፤ በተጨማሪው ሰዓትም ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አግብተው ጨዋታው 4 ለ 2 ተፈጸመ። ዋንጫውን ከግርማዊ ንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው የቡድኑ አምበል ሉቻኖ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለደ ነው። በፋሺስት ሕግ ዘመን እንዲህ ያለው ልጅ ከአባቱ ወገን እንዳይቆጠር ተደርጎ እንደነበረ ለሚያስታውስ ሰው፣ ያ ሰዓት ከስፖርት የበለጠ ትርጉም ነበረው።

ከዚያ ወዲህ የይድነቃቸው ሥራ ከሜዳ ወደ ጉባኤ ተዛወረ። የዓለም የእግር ኳስ ማኅበር ለ1958ቱ የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ አንድ ሙሉ ቦታ እንኳ በነፈገ ጊዜ፣ አፍሪካውያኑ ውድድሩን እንዲተዉ ካደረጉት መካከል እርሳቸው ይገኙበታል። አድማውም ፍሬ አፈራ፤ በ1962 ዓ.ም. አፍሪካ የራስዋን አንድ ቦታ፣ በ1974 ዓ.ም. ደግሞ ሁለት ቦታ አገኘች። በ1964 ዓ.ም. የኮንፌደሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመርጠው እስከ ዕለተ ሞታቸው ለአሥራ አምስት ዓመታት መሩት። የዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ አባልም ነበሩ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ የደቡብ አፍሪካ ዘረኛ መንግሥት ቡድን በየትኛውም በር እንዳይገባ ተከራከሩ። ከትንባሆና ከአልኮል መጠጥ ነጋዴዎች የሚመጣውን የማስታወቂያ ገንዘብም ተቃወሙ፤ ገንዘብ ያጠራት አህጉር መሪ ይህን ማድረጉ ቀላል ውሳኔ አልነበረም፤ ዛሬ የመጫወቻ ልብስ ላይ የሚታየውን ማስታወቂያ ስናይ ደግሞ ይበልጥ ይገርመናል።

ይድነቃቸው ተሰማ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ በደብረ ታቦር በዓል፣ ልጆች በየደጁ ቡሄ በሚጨፍሩበት ዕለት፣ በስድሳ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ። ደቡብ አፍሪካ ወደ አፍሪካ እግር ኳስ ማኅበር የተቀላቀለችው ከአምስት ዓመት በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። በ1988 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ በአገርዋ አዘጋጀች፤ ነጮችና ጥቁሮች በአንድነት የተሰለፉበት ቡድንዋም በፍጻሜው ቱኒዚያን 2 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን አነሣ።