የሰማይ መኪና ሠሪው ጆርጅ ሜልዬስ

አንባቢ ሆይ፤ በሲኒማ ቤት ተቀምጠን ጎማ የሌለው መኪና በአየር ላይ ተንሳፎ ሲሄድ ስናይ እምብዛም አንደነቅም። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ሕልም ለዓይን ለማብቃት አስቀድመው መዶሻና ቀለም ካነሡት ሰዎች ዋነኛው ፈረንሳዊው ጆርጅ ሜልዬስ ነው። የሕይወቱ ታሪክ ለእኛ ለተማሪዎች ከሥራው ያላነሰ ትምህርት ስላለው ባጭሩ እናቀርበዋለን። (ዘመኑ ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሜልዬስ በ1861 በፓሪስ ተወለደ። አባቱ ባለ ጫማ ፋብሪካ ስለ ነበረ ልጁ በንግዱ እንዲገባ ፈለገ፤ የልጁ ልብ ግን በሥዕልና በምትሃት ላይ ነበር። በ1888 የፋብሪካ ድርሻውን ለወንድሞቹ ሸጠና ሮቤር ኡዳን የተባለውን የምትሃት ቲያትር ገዛ። በዲሴምበር 28 ቀን 1895 የሉሚዬር ወንድማማቾች ፊልማቸውን ለሕዝብ ሲያሳዩ ከተመልካቾቹ አንዱ እሱ ነበር። መሣሪያውን ልግዛ ቢላቸው እምቢ ስላሉት፣ ከእንግሊዝ አገር ሌላ አስመጥቶ ለራሱ እንዲሆን አድርጎ ለወጠው።

በ1897 በሞንትሩይ ግድግዳውና ጣሪያው መስተዋት የሆነ የፊልም መሥሪያ ቤት አሠራ፤ ያን ጊዜ ፊልም የሚነሣው በፀሐይ ብርሃን ነበርና። የዘመኑ ፊልም ቀለማትን እያዛባ ስለሚያወጣ፣ መልክዓ ምድሩን ሁሉ በነጭ፣ በጥቁርና በግራጫ ያስቀባ ነበር። ካሜራውን አቁሞ ዕቃውን በመለወጥ ሰውን ይሰውራል፤ ያንኑ ፊልም ወደ ኋላ ጠቅልሎ ዳግመኛ በማንሣት አንዱን ሥዕል በሌላው ላይ ይደርባል።

በዚህ ጥበብ በ1902 ወደ ጨረቃ የሚደረገውን ጉዞ ሠራ። መንገደኞቹ በጥይት ቅርጽ በተሠራ ቤት ገብተው ከመድፍ ይተኮሳሉ፤ ጥይቱም የጨረቃን ዓይን ይወጋል። ጨረቃ እየቀረበች የምትመጣው ካሜራው ተንቀሳቅሶ ሳይሆን የጨረቃዋ ምስል ወደ ካሜራው ተስቦ ነው። ፊልሙ ወደ 10,000 ፍራንክ ፈጀ። በአሜሪካ ያሉ ነጋዴዎች ግን ያለ ፈቃድ እያባዙ ሸጡትና ብዙውን ትርፍ እነሱ በሉት። ስለዚህ በ1903 ወንድሙን ጋስቶንን ወደ ኒው ዮርክ ልኮ ጽሕፈት ቤት አስከፈተ።

በ1912 ደግሞ ወደ ሰሜን ዋልታ የሚበረውን ትልቅ የአየር አውቶቡስ ሠራ። መኪናው የወፍ ራስ አለው፤ ተሳፋሪዎቹን ይዞ በከዋክብት መካከል ያልፋል። ይህን ያደረገው በትንንሽ ሞዴሎች፣ በቲያትር መዘውሮችና በተቀባ ሸራ ነው። በዋልታውም ሰው የሚውጥ የበረዶ ግዙፍ አለ፤ እሱም በገመድ የሚንቀሳቀስ ታላቅ አሻንጉሊት ነበር።

ዳሩ ግን ፊልሙ ገበያ አጣ። የሜልዬስ ውድቀት በሌቦች ብቻ የመጣ ነው ብንል እውነቱን እናጎድላለን። ሌሎች ካሜራቸውን ወደ ተዋናዩ ፊት ሲያስጠጉና ታሪካቸውን ሲያፋጥኑ፣ እሱ ካሜራውን የቲያትር ተመልካች በሚቀመጥበት ቦታ ተክሎ ቀረ። የፈጠረው ጥበብ ሲያድግ ፈጣሪው አብሮ አላደገም።

ከዚያ በኋላ መከራው ተከታተለ። በ1913 ሚስቱ ሞተች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ብዙ ፊልሞቹ ቀልጠው ለወታደር ጫማ ተረከዝ እንደ ዋሉ ይነገራል፤ ከጫማ የሸሸው ሰው ሥራው ጫማ ሆነ። በ1923 ቲያትሩ ለመንገድ ሲባል ፈረሰ፤ መሥሪያ ቤቱም በዕዳ ሄደ። በዚያው ዓመት ተስፋ ቆርጦ የቀሩትን ኔጋቲቮች በገዛ እጁ አቃጠለ። 500 ያህል ፊልም የሠራው ሰው በሞንፓርናስ ባቡር ጣቢያ በምትገኝ ትንሽ ሱቅ አሻንጉሊትና ከረሜላ ሲሸጥ ተገኘ።

የሲኒማ ወዳጆች ግን ፈልገው አገኙት። በ1929 በፓሪስ ታላቅ የክብር ምሽት ተደረገለት፤ በ1931 የሌዢዮን ዶነር ኒሻን ሲሸለም ያጠለቀለት ሉዊ ሉሚዬር ነበር። በጃንዋሪ 21 ቀን 1938 አረፈ።

ከፊልሞቹ ከግማሽ የሚበልጡት ጠፍተዋል። የጨረቃው ፊልም በእጅ የተቀባ ቅጂ በ1993 ተገኝቶ፣ ከብዙ ዓመት ጥገና በኋላ በ2011 በካን ታየ። ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ለሽማግሌ ኒሻን ማጥለቅ መልካም ነው፤ ሥራው ሳይቃጠል፣ እሱም ሱቅ ሳይገባ መድረስ ግን ይበልጣል። በመካከላችንም በሸራና በገመድ የሚጫወት፣ ቀልደኛ እየተባለ የሚሳቅበት ጓደኛ ቢኖር፣ ከመሳቃችን በፊት ምን እንደሚሠራ ጠጋ ብለን እንየው።