ማርኮኒ፦ ሽቦ ሰቅሎ ዓለምን ያገናኘው፣ በኋላ ግን ከወራሪያችን ጎን የቆመው ሰው

በአጅባርም ሆነ በመካነ ሰላም በኩል ያደገ ሰው ይህን ሳያውቅ አይቀርም። ሬዲዮኑ ሲንሿሿ አባወራው ቀጭን ሽቦ ያመጣል። አንዱን ጫፍ ከሬዲዮኑ አንቴና ጋር ይጠመዝዛል፣ ሌላውን ባሕር ዛፉ ላይ ይሰቅላል። ያኔ የጀርመን ድምፅ ወይም የአሜሪካ ድምፅ ጥርት ብሎ ይገባል። የመጀመሪያው የአማርኛ ስርጭት በ1965፣ ሁለተኛው በ1982 የጀመረ ሲሆን ሁለቱም ለብዙ ዓመታት ወደ ገጠሩ የደረሱት በአጭር ሞገድ ነው።

ሽቦው ከፍ ሲል ድምፁ ለምን ይጠራል? ይህን ጥያቄ በትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ ሳይሆን ሜዳ ላይ፣ ምሰሶ እየተከለና ምሰሶ እየወደቀበት የመለሰ ሰው ነበር። ስሙ ጉልዬልሞ ማርኮኒ ይባላል። ዛሬ የእሱን ሕይወት እንይ። ታሪኩ ውስጥ ለእኛ ትምህርት አለ፣ ቁስልም አለ። (ዓ.ም. ያልተጻፈባቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ዲግሪ ያልነበረው ልጅ

ማርኮኒ የተወለደው በሚያዝያ 1874 ጣሊያን ውስጥ ቦሎኛ ከተማ ነው። አባቱ ጁሴፔ ባለ መሬት፣ እናቱ አኒ ጄምሰን ደግሞ በውስኪ ንግድ ከታወቀ የአየርላንድ ቤተሰብ የመጣች ሴት ነበረች። ልጁ በመደበኛ ትምህርት እምብዛም አልገፋም፣ ዩኒቨርሲቲም ገብቶ አልተመረቀም። ግን የፊዚክስ ፕሮፌሰሩ አውጉስቶ ሪጊ ጎረቤታቸው ስለነበር ቤተ ሙከራውን እንዲያይ ፈቀደለት።

በ1894 ጀርመናዊው ሃይንሪክ ኸርትዝ ሞተ። ኸርትዝ በአየር ላይ የሚጓዝ የኤሌክትሪክ ሞገድ መኖሩን በሙከራ ያረጋገጠ ሰው ነው፤ እሱ ግን ሞገዱን መልእክት ለመላክ አልተጠቀመበትም። የ20 ዓመቱ ማርኮኒ ስለ ኸርትዝ ሥራ ሲያነብ አንድ ሐሳብ መጣለት፦ ይሄ ሞገድ ያለ ሽቦ ቴሌግራም ሊሆን ይችላል!

በቤታቸው ጣሪያ ሥር ባለ ክፍል ሥራ ጀመረ። መጀመሪያ ከክፍሉ አንድ ጫፍ እስከ ሌላው ደወል አስጮኸ። ከዚያ ወደ ግቢ ወጣ። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ሞገዱ ብዙም ሳይርቅ ይጠፋል።

በ1895 መፍትሔውን አገኘ። የማሰራጫውን አንድ ጫፍ ከፍ አድርጎ ሰቀለው፣ ሌላውን ጫፍ መሬት ውስጥ ቀበረው። መቀበያውንም እንደዚያው አደረገ። በቃ፣ ርቀቱ በአንዴ ዘለለ፤ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ደረሰ። ወንድሙ አልፎንሶ መቀበያውን ይዞ ከኮረብታው ጀርባ ሄደ፣ ምልክቱ ሲደርሰውም ጠመንጃ ተኮሰ። ከኮረብታ ጀርባ መሆኑን ልብ በሉልኝ። ሬዲዮ ማለት የማይተያዩ ሰዎችን ማገናኘት ማለት እንደሆነ ያቺ ጥይት ተናገረች።

ለንደን፣ ከዚያ ውቅያኖስ

በ1896 ከእናቱ ጋር ወደ ለንደን ሄደ። እዚያ የፖስታ ቤቱ ዋና መሐንዲስ ዊሊያም ፕሪስ ደገፈው፣ የፈጠራ መብትም ጠየቀ። በ1897 በብሪስቶል ባሕረ ሰላጤ ላይ ምልክት አሻገረ፣ በዚያው ዓመት ኩባንያ አቋቋመ። በ1899 ከፈረንሳይ ወደ እንግሊዝ ላከ። ገና 24 ዓመቱ ነበር።

ቀጥሎ አትላንቲክን ላሻግር አለ። ብዙዎች አይሆንም አሉት። መሬት ክብ ናት፣ ሞገዱ ደግሞ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ወደ ሰማይ ያመልጣል የሚል ነበር ክርክራቸው።

እንግሊዝ ውስጥ ፖልዱ በሚባል የባሕር ዳርቻ 60 ሜትር ገደማ የሚረዝሙ 20 ምሰሶዎችን በክብ አስተከለ። በመስከረም 1901 አውሎ ነፋስ መጣና ሁሉንም ጣላቸው። አሜሪካ ውስጥ ኬፕ ኮድ ላይ ያስተከለውም በነፋስ ወደቀ። ብዙ ገንዘብ ከሰረ። እሱ ግን ሐሳቡን ቀለል አደረገው። ፖልዱ ላይ በሁለት ምሰሶዎች መካከል ሽቦዎችን እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ ማሰራጫውን ሠራ። በሌላኛው ዳር፣ ዛሬ የካናዳ አካል በሆነችው ኒውፋውንድላንድ፣ ምሰሶ መትከሉን ትቶ ልጆች በክር እንደሚያበሩት ዓይነት ካይት ይዞ ሄደ። ካይቱ 150 ሜትር ገደማ የሚረዝም ሽቦ ይዞ ወደ ሰማይ ወጣ።

ታኅሣሥ 12 ቀን 1901 ማርኮኒ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ሦስት አጫጭር ድምፅ እንደሰማ አሳወቀ። ርቀቱ 3,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በእርግጥ የሰማው ምልክቱን ነው ወይስ የአየር ጫጫታ የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። ከወራት በኋላ በመርከብ ላይ እየተጓዘ ባደረገው ሙከራ ግን ምልክት ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ እንደሚደርስ በምስክር ፊት አሳየ።

ሞገዱ እንዴት ተጠማዘዘ? በ1902 ሁለት ሊቃውንት፣ ኬኔሊና ሄቪሳይድ፣ ከላይ በሰማይ ላይ ሞገድን የሚመልስ ንብርብር አለ ብለው ገመቱ። በ1924 ኤድዋርድ አፕልተን በሙከራ አረጋገጠው። ዛሬ አዮኖስፌር እንለዋለን። ለአጭር ሞገድ ሰማዩ እንደ መስተዋት ነው።

ታይታኒክና ኖቤል

በ1909 ማርኮኒ ከጀርመናዊው ፈርዲናንድ ብራውን ጋር የፊዚክስ ኖቤልን ተካፈለ። ዲግሪ የሌለው ሰው ማለት ነው!

ሚያዝያ 1912 ታይታኒክ ስትሰጥም የድረሱልን ጥሪውን ያስተላለፉት የማርኮኒ ኩባንያ ሁለት ወጣት ሠራተኞች ናቸው። አንዱ፣ ጃክ ፊሊፕስ፣ እስከ መጨረሻው ሲልክ ቆይቶ ሞተ። ጥሪውን የሰማችው ካርፓቲያ መርከብ ደርሳ 700 ያህል ሰው አዳነች። በዚያው ዓመት ማርኮኒ ራሱ በመኪና አደጋ ቀኝ ዓይኑን አጣ።

ትልቁን ትቶ ትንሹን መረጠ

እስከዚያ ድረስ የሬዲዮ ሰዎች እምነት አንድ ነበር፦ ሩቅ ለመድረስ ረጅም ሞገድ፣ ግዙፍ ምሰሶ፣ ከባድ ኃይል ያስፈልጋል። ማርኮኒም ራሱ ለ20 ዓመት በዚህ መንገድ ነው የሄደው።

በ1923 ኤሌትራ በምትባል መርከቡ ተሳፍሮ ወደ ኬፕ ቨርዴ ተጓዘ። መሐንዲሱ ቻርልስ ፍራንክሊን ከፖልዱ በ97 ሜትር ሞገድ ይልክለት ነበር። በትንሽ ኃይል የተላከው ድምፅ ከግዙፎቹ ጣቢያዎች ይልቅ ጎልቶ ተሰማው። በቀጣዩ ዓመት ወደ 32 ሜትር ሲወርዱ በቀንም ሩቅ ደረሰ። ፍራንክሊን ደግሞ ሽቦዎችን እንደ መጋረጃ ደርድሮ፣ ሞገዱ እንደ ባትሪ መብራት ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲወጣ አደረገ። ከ1926 ጀምሮ እንግሊዝ በዚህ ዘዴ ከካናዳ፣ ከአውስትራሊያ፣ ከደቡብ አፍሪካና ከሕንድ ጋር ተገናኘች።

ያሸነፈው የአንቴና ምርጫ ነው። ኃይል ሳይጨምሩ፣ ሞገዱን ወደሚፈለግበት ብቻ መላክ።

አሁን ወደ እኛ

ማርኮኒ ከእኛ አካባቢ ጋር የተገናኘው ቀደም ብሎ ነው። በ1911 ኮልታኖ በሚባል ቦታ የሠራው ትልቅ ጣቢያ ከምፅዋ ጋር መልእክት ይለዋወጥ ነበር። ጣሊያን ኤርትራን የያዘችበት ዘመን ስለሆነ ሬዲዮው ሮምን ከቅኝ ግዛቷ ጋር አሰራት።

በ1923 የሙሶሊኒ ፋሺስት ፓርቲ አባል ሆነ። በ1929 የማርኪስ ማዕረግ ተሰጠው። በ1930 የጣሊያን ንጉሣዊ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ሆነ፣ በዚህም የፋሺስት ታላቁ ምክር ቤት ወንበር አገኘ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር፣ ያ በዓለም ሁሉ የተከበረ ሰው ወረራውን በአደባባይ ደገፈ፣ በውጭ አገርም ተሟገተለት።

እኛ ያኔ ምን ነበረን? አንሳልዶ የተባለ የጣሊያን ኩባንያ የሠራው የአቃቂ ሬዲዮ ጣቢያ ሥራ የጀመረው ጥር 23 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው፤ ወረራው ሊጀመር 8 ወር ሲቀረው ማለት ነው። በዚያ ጣቢያ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ድምፅ ለውጭው ዓለም ተሰማ። ንጉሡ ጦሩን ለመምራት ወደ ደሴ መጡ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ በአውሮፕላን ተደበደበች። ወሎ የጦርነቱ መሐል ሆነች።

ሬዲዮ በሁለቱም ወገን ነበር፣ ልዩነቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው። የጣሊያን ጦር በብዛት ሬዲዮ ነበረው፣ የእኛ ጦር ግን ጥቂት ብቻ። ያቺ ያለችንም ጠላት ይሰማት ነበር። አጭር ሞገድ ሰማይ ነክቶ ሲመለስ ወዳጅና ጠላት አይለይም። የጣሊያን ጦር አዛዥ ባዶልዮ ከማይጨው ውጊያ በፊት የእኛን መልእክቶች እየጠለፈ ያነብ ነበር። ማይጨው ላይ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። የመርዝ ጋዙንም እንደዚሁ።

ማርኮኒ ሐምሌ 1937 ሮም ውስጥ በልብ ሕመም ሞተ። በብዙ አገር የሬዲዮ ጣቢያዎች ለክብሩ ለሁለት ደቂቃ ዝም አሉ። ከዚያ 5 ወር ቀደም ብሎ፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ሲጨፈጨፍ ግን ለእኛ ዝም ያለ ጣቢያ አልነበረም።

ታዲያ ከእሱ ምን እንውሰድ?

ዕውቀቱን። ዕውቀቱ የእሱ ብቻ አይደለም፣ የእኛም ነው። በተለይ ለሳይንትና ለቦረና ደጋ፣ ዓባይና በሽሎ ገደል ለቆፈሩት አገር። የስልካችን ኔትወርክ ከማማ ወደ ማማ ነው የሚሄደው፤ ማማው ከጠፋ ወይም ተራራ ከጋረደው አለቀ። ከ3 እስከ 30 ሜጋኸርትዝ ያለው አጭር ሞገድ ግን ማማ አይፈልግም፣ ሰማዩ ይበቃዋል። ለዚህም ነው የእርዳታ ድርጅቶች መኪኖች ላይ ያ ረጅም ዘንግ አንቴና የምታዩት።

አንቴና ሲመረጥ የመጀመሪያው ጥያቄ ወዴት ነው የሚለው ነው።

ከአጅባር ደሴ ወይም ባሕር ዳር ከሆነ፣ መሐል ላይ እንደ አምባ ፈሪት ያለ ተራራና ገደል አለ። እዚህ ጋ ሞገዱን ወደ ላይ መወርወር ነው የሚያዋጣው፤ ከሰማይ እንደ ዝናብ ይመለሳል። ለዚህ የሚሆነው ከመሐሉ ለሁለት የተከፈለ አግድም ሽቦ፣ ዳይፖል የሚባለው፣ ከመሬት ከ6 እስከ 10 ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ነው። 300 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ዙሪያውን ይሸፍናል። ቀን ላይ ከ5 እስከ 8 ሜጋኸርትዝ፣ ሌሊት ከዚያ ዝቅ ያለው ይሻላል።

ከአገር ውጭ ወይም ሺህ ኪሎ ሜትሮች ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። ሞገዱ ዝቅ ብሎ ወደ አድማስ መውጣት አለበት። ስለዚህ ቀጥ ብሎ የቆመ አንቴና፣ ወይም በጣም ከፍ ያለ ዳይፖል፣ ወይም እንደ ፍራንክሊን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያነጣጥር ይመረጣል። የመኪናው ዘንግ ሩቅ ላይ ጎበዝ ሆኖ ለቅርቡ ጎረቤት ወረዳ የሚሰንፈው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ርዝመቱ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 143ን በሜጋኸርትዙ አካፍሉ፣ የዳይፖሉ ሙሉ ርዝመት በሜትር ይወጣል። ለ7 ሜጋኸርትዝ 20.4 ሜትር ነው፣ በእያንዳንዱ ክንድ 10.2። ለ5 ሜጋኸርትዝ 28.6 ሜትር።

ለማዳመጥ ብቻ ከሆነማ ይህ ሁሉ ልኬት የለም። 10 ወይም 20 ሜትር ሽቦ ከቤት አርቃችሁ ስቀሉ፣ የስልክ ቻርጀሩን ከአጠገቡ ንቀሉ፤ ቻርጀር ብዙ ጫጫታ ያመጣል። ከመብራት መስመር ግን ራቁ፣ ክረምት ላይ መብረቅ ሲጀምር ሽቦውን ከሬዲዮኑ ንቀሉት። ለማስተላለፍ ደግሞ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የሚመለከተው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ማርኮኒን እንደ መልአክ የሚያቀርቡ ጽሁፎች ብዙ ናቸው። እንደ ሰይጣን ማየትም አይጠቅመንም። የሰውየው ሥራ በታይታኒክ ሌሊት ነፍስ አድኗል፣ በማይጨው ዋዜማ ደግሞ የእኛን ምስጢር ለጠላት አሳልፏል። ሽቦው ያው ሽቦ ነው። አባቶቻችን ተራራ ላይ ቆመው የተሸነፉት ጀግንነት ጎድሏቸው አልነበረም፤ ዕውቀቱና መሣሪያው በሌላ እጅ ስለነበር ነው። ዛሬ ግን ሒሳቡን አሁን አነበባችሁት፣ ሽቦውም ገበያ ላይ አለ።