ጆሴፍ ቶይንቢ፤ የጆሮ ሕክምና ሊቅ ሕይወትና ፍጻሜ

የጆሮ ሕክምና ከሌሎቹ የሕክምና ዘርፎች ኋላ ቀርቶ በነበረበት ዘመን፣ ሙያውን በማስረጃ ላይ ለማቆም ከደከሙት ሊቃውንት አንዱ እንግሊዛዊው ጆሴፍ ቶይንቢ ናቸው። የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1815 በሊንከንሸር አውራጃ ሔኪንግተን በተባለ መንደር ነው። በለንደን ከተማ የቀዶ ሕክምና ትምህርት ከቀሰሙ በኋላ፣ የደም ሥር የማይደርስባቸው የሰውነት ክፍሎች በምን መንገድ ምግባቸውን እንደሚያገኙ ባደረጉት ምርምር ታውቀው፣ ገና ሠላሳ ዓመት ሳይሞላቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1842፣ ለሮያል ሶሳይቲ አባልነት በቁ።

ከዚያ ወዲያ ዕድሜያቸውን የሰጡት ለጆሮ ነው። በዚያን ጊዜ የጆሮ ሕመምተኛ የሚታከመው በአብዛኛው በግምት ነበር። ቶይንቢ ግን የሞቱ ሰዎችን ጆሮ እየከፈቱ፣ የበሽታውን ምልክት ከሥፍራው ጋር ማስተያየት ጀመሩ። በዚህ ትጋት ከ1,600 የሚበልጡ ናሙናዎችን መዝግበው፣ ዝርዝሩን እ.ኤ.አ. በ1857 አሳተሙ። በእርካብ ቅርጽ የተሠራችው ትንሽ የጆሮ አጥንት ከሥፍራዋ ስትጣበቅ ደንቁርና እንደሚከተል ካመለከቱት ቀደምት ሐኪሞች መካከልም ይቆጠራሉ። ስለ ጆሮ በሽታዎች የጻፉት ትልቅ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1860 ወጣ።

ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሣው ግን ይልቁንም መካከለኛውን ጆሮ ከአፍንጫ ጀርባ ጋር ስለሚያገናኘው ስለ ዩስታኪያን ቱቦ ባስተማሩት ነው። ቱቦው ዘወትር ክፍት ነው የሚለውን የቆየ አሳብ በመቃወም፣ በዕረፍት ጊዜ ዝግ እንደ ሆነና ሰው ምራቁን በሚውጥበት ጊዜ የላንቃ ጡንቻዎች እንደሚከፍቱት እ.ኤ.አ. በ1853 አስረዱ። ማረጋገጫውም ቀላል ነበር፤ አፍንጫን ይዞ መዋጥ ብቻ ነው። ቱቦው የሚሠራ ከሆነ በጆሮ ውስጥ የግፊት ለውጥ ይሰማል። የቦሎኛው ቫልሳልቫ እ.ኤ.አ. በ1704 አፍና አፍንጫን ዘግቶ አየርን ወደ ጆሮ መግፋትን ገልጠው ነበር፤ የቶይንቢ መንገድ ግን ከመግፋት ይልቅ በሰውነት የተፈጥሮ እንቅስቃሴ የሚጠቀም ነው። ዛሬም ቱቦው ለደከመባቸው ሰዎች የመዋጥ፣ የማዛጋትና የማኘክ ልምምድ ሲታዘዝ መሠረቱ ይኸው ዕውቀት ነው።

ቶይንቢን የተፈታተናቸው ሌላው ሕመም ግን በጆሮ ውስጥ የሚሰማው ጩኸት ነበር። መድኃኒት በእንፋሎት መልክ በቱቦው በኩል ወደ መካከለኛው ጆሮ ቢገባ ጩኸቱ ይበርድ ይሆናል ብለው ገመቱ። ግምቱንም በሕመምተኛ ላይ ሳይሆን በራሳቸው ላይ ሊፈትኑ ወሰኑ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 7 ቀን 1866 በለንደን ሳቪል ሮው በሚገኘው የምርመራ ክፍላቸው ብቻቸውን ሆነው፣ የክሎሮፎርምንና ሃይድሮሳያኒክ አሲድ የተባለውን መርዝ እንፋሎት ሳቡ። በኋላ ሞተው ተገኙ፤ ከአጠገባቸውም የሙከራውን ጊዜ ይለኩበት የነበረው ሰዓትና ማስታወሻቸው ነበር። ዕድሜያቸው ሃምሳ ዓመት ነበር። ስለ ኢንዱስትሪ አብዮት በማስተማር የታወቀው አርኖልድ ቶይንቢ ልጃቸው ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ገና ብላቴና ነበር።

በሌሎች ጆሮ ላይ ያለ ማስረጃ መፍረድን የተጸየፉት ሊቅ፣ በራሳቸው ላይ ሲሆን አጠገባቸው የሚቆም ረዳት እንኳ አልፈለጉም። ሕመምተኛን ከአደጋ ለማራቅ የወሰዱት እርምጃ የሚያስከብራቸው ቢሆንም፣ በጥንቃቄ ጉድለት ሙያው አንድ ታላቅ ሠራተኛ አጥቷል።

ከዚያ ወዲህ የተገኘው ዕውቀት እንደሚያሳየው፣ የጆሮ ጩኸት ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከውስጠኛው ጆሮና ከመስሚያ ነርቭ መንገድ ነው። ስለዚህ ልምምዱ የሚረዳው መንሥኤው የቱቦው መዘጋት በሆነ ጊዜ ነው፤ ጩኸትን ሁሉ አያስወግድም። በጉንፋን ጊዜ አየርን በኃይል መግፋትም ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። ልምምዱን ከማዘዝ በፊት የሕመሙን ሥፍራ መርምሮ ማወቅ ይገባል፤ ቶይንቢም በሺህ በሚቈጠሩ ናሙናዎች ላይ ሲደክሙ የኖሩት ለዚሁ ነበር።