እምቢ ያለው ኳስ ወርዋሪ

ክሪኬት አንዱ ኳስ ወርውሮ ሌላው በእንጨት የሚመታበት የእንግሊዞች ጨዋታ ነው። ባለታሪካችን ጋቢ አለን (ዘመኑን የምንቆጥረው በአውሮፓውያን ነው) በ1902 በሲድኒ ተወልዶ በእንግሊዝ ያደገ፣ ለሚድልሴክስ ክፍለ ሀገር የተጫወተ ፈጣን ወርዋሪ ነበር። በ1929 ዐሥሩንም የላንካሻየር መቺዎች ብቻውን አስወጥቷል።

የእንግሊዝ ቡድን በ1932 ወደ አውስትራሊያ በተጓዘ ጊዜ አለቃው ዳግላስ ጃርዲን ኳሱ በመቺዎቹ ሰውነት ላይ እንዲያነጣጥር ፈለገ። አለን እምቢ አለ። እንዲያም ሆኖ በአምስቱ ግጥሚያዎች 21 ሰው አስወጣ።

በኋላ ቡድኑን ወደ ውጭ ይልክ የነበረው የኤም.ሲ.ሲ. ክበብ ፕሬዚዳንት፣ ከ1964 እስከ 1976 ደግሞ ገንዘብ ያዥ ሆነ። በ1968 ደቡብ አፍሪካ በትውልድ አገሩ ከነጮች ጋር መጫወት የተከለከለውን ባዚል ዶሊቬራን እንደማትቀበል የሚያስታውቅ ደብዳቤ መጣ። አለንና ሁለት ሹማምንት ከኮሚቴው ሸሸጉት። በሠላሳ ዓመቱ አለቃውን እምቢ ያለ ሰው በሽምግልናው ስለምን ዝም አለ? ግንኙነቱ እንዳይቋረጥ ነው ቢሉን ለእኛ አያጠግበንም። ዶሊቬራ 158 ነጥብ አስቆጥሮ ሳለ መጀመሪያ ከቡድኑ ቀረ፤ ሌላ ተጫዋች ተጎድቶ እሱ ሲተካ ጠቅላይ ሚኒስትር ፎርስተር አልቀበልም አለ፤ ጉዞውም ተሰረዘ።

አለን በ1986 የሰርነት ማዕረግ ተሰጠው፤ በ1989 ሞተ።