እስትንፋስን በሚዛን የለካው ሰው

ተማሪን እንዴት እንደምንተነፍስ ብትጠይቁት ደረቱን ነፍቶ ያሳያችኋል። አየር ይገባል፣ ይወጣል፤ ይህን ማንም ያውቃል። ገብቶ ምን እንደሚሠራ ግን እስከ 18ኛው መቶ ዓመት ድረስ ሊቃውንቱም በቅጡ አያውቁም ነበር። ከጥንት ጀምሮ ብዙዎቹ ትንፋሽ የሰውነት ሙቀት ማብረጃ ይመስላቸው ነበር። ነገሩን የገለበጠው ፈረንሳዊው አንትዋን ላቮዋዚዬ ነው።

ላቮዋዚዬ እ.ኤ.አ. በ1743 ፓሪስ ተወለደ። የተማረው ሕግ ነው፤ ልቡ ግን ኬሚስትሪ ላይ ነበር። በ1768 ለንጉሡ በኮንትራት ግብር ከሚሰበስበው ማኅበር ድርሻ ገዛ። ይህቺ ነገር በኋላ ጣጣ አመጣችበት።

በ1774 እንግሊዛዊው ፕሪስትሊ ሻማን ቦግ የሚያደርግ አየር አግኝቶ ፓሪስ ሲመጣ ነገረው። ላቮዋዚዬ ይኸው አየር በእሳትም በትንፋሽም እንደሚያልቅ አሳየ፤ ኦክሲጅን ያለውም እሱ ነው።

በ1782 እና 1783 መካከል በነበረው ክረምት ከላፕላስ ጋር ሆኖ፣ ጊኒ ፒግ የምትባለውን ትንሽ እንስሳ በረዶ በከበበው ዕቃ ውስጥ አስገባ። ሙቀቷ ያቀለጠውን በረዶና በትንፋሿ ያስወጣችውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለኩ። ያንኑ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሰጥ ከሰል ሲያነዱ የቀለጠው በረዶ፣ ልዩነት ቢኖረውም፣ ተቀራረበ። እንግዲህ መተንፈስ ነበልባል የሌለው፣ ዝግ ያለ መቃጠል ነው ማለት ነው። ማገዶውም ምግባችን!

ከዚያ ተራው የሰው ሆነ። በ1790 ገደማ ረዳቱ ሴጋን ጭንብል አጥልቆ በቱቦ እየተነፈሰ ተለካ። ሲበላ የኦክሲጅን ፍጆታው ጨመረ፤ በእግሩ ክብደት እያነሳ ሲሠራ ደግሞ በጣም ናረ። ስለዚህ የጉልበት ሠራተኛው ከተቀማጩ ሀብታም የበለጠ ያቃጥላል፤ የበለጠ መብላት ሲገባው የሚያገኘው ግን ያነሰ ነው። ላቮዋዚዬ ይህን በጽሑፉ አንስቶ አዝኗል። ከድሃ ግብር የሚሰበስብ ሰው መሆኑን ስናስብ ያስገርማል።

መቃጠሉ ሳንባ ውስጥ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ነበር፤ እዚህ ላይ ሳተ። ሳንባ መቀባበያ በር ነው፤ ኦክሲጅኑን ደም ተሸክሞ ያደርሳል፣ ሥራው የሚሠራው በየሴሉ ነው። ደግሞም የሚገባው ኦክሲጅን ሁሉ አያልቅም፤ ከምናስገባው አየር ከመቶ 21 እጁ ኦክሲጅን ነው፣ በምናስወጣውም 16 ያህል ይቀራል። ይህን ካልነገርናቸው ተማሪዎች የሚወጣው በሙሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይመስላቸዋል።

በ1793 መጨረሻ አብዮቱ ግብር ሰብሳቢዎቹን አሰረ። ሜይ 8 ቀን 1794 ላቮዋዚዬ፣ አማቱም ጭምር፣ 28 ሆነው በጊዮቲን ተገደሉ። ዕድሜው 50 ነበር። ሚስቱ ማሪ አን የተወረሰውን ንብረት አስመልሳ ጽሑፎቹን አሳተመች። የሴጋንን ሙከራ የሳለችውም እሷ ናት፤ በሥዕሉ ላይ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጣ ውጤቱን ስትመዘግብ ትታያለች።