ሻምበል አበበ ቢቂላና የሸኖ መንገድ

ክበባችን ይህን ዕትም ስለ ትራፊክ ሕግ እናድርገው ብሎ ሥራ ሲያከፋፍል ለኔ የደረሰኝ የታዋቂ ሰው ታሪክ የሚለው አምድ ነው። ግራ ገባኝ። ከትራፊክ ጋር ምን የሚያገናኘው ታዋቂ ሰው አለ? አጎቴን ጠየቅኩት። እሱ ከሜክሲኮ የሚነሳ የሚኒባስ ታክሲ ሹፌር ነው። ያን ሰሞን ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ ነድተሃል ተብሎ ተቀጥቶ ስለነበር ስለ ትራፊክ ሲነሳ ደስ አይለውም። ትንሽ አሰበና አበበ ቢቂላን ጻፍ አለኝ። እኔ ግን አበበን የማውቀው በባዶ እግሩ ሲሮጥ እንጂ መኪና ሲነዳ አልነበረም።

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ጃቶ በምትባል መንደር ነው። አድጎ አዲስ አበባ መጣና በክቡር ዘበኛ ወታደር ሆነ። ሩጫ ያሠለጠነው ኦኒ ኒስካነን የሚባል ስዊድናዊ ነው።

የሮሙን ታሪክ ሁላችሁም ስለምታውቁት አላስረዝመውም። የገዛው ጫማ ስላልተመቸው በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ የዓለም ሪከርድ ሰበረ። ጣሊያን ከኛ ዘርፋ የወሰደችውን የአክሱም ሐውልት አጠገብ ሲደርስ ነው ፍጥነት የጨመረው። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ቀኑን ነው። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበር፤ ማለትም የእንቁጣጣሽ ዋዜማ! አገሩ ችቦ በሚያበራበት ማታ እሱ ሮም ውስጥ አንደኛ ወጣ።

ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ደግሞ፣ የትርፍ አንጀት ኦፕራሲዮን ከሆነ ገና አርባ ቀን ሳይሞላው፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. እንደገና አሸነፈ። ማራቶንን በኦሊምፒክ ሁለቴ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ንጉሡ የመቶ አለቃ አድርገው ሾሙት፣ ቤት ሰጡት፣ አንድ ቮልስዋገንም ሸለሙት። ያቺ እንቁራሪት የምትመስለዋ መኪና ናት።

እዚህ ላይ አንድ የገረመኝን ልንገራችሁ። ያኔ የአገራችን መኪና በቀኝ መሄድ ከጀመረ ገና ጥቂት ወሩ ነበር። ከዚያ በፊት በግራ ነበር የሚነዳው፤ ወደ ቀኝ የተቀየረው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። አስቡት፣ አንድ ቀን ጠዋት ሹፌሩ ሁሉ የለመደውን ትቶ በሌላው በኩል ሲነዳ! ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ዛሬ እንዲህ ቢደረግ ምን እንደሚፈጠር እንጃ።

ሜክሲኮን ካነሳሁ አይቀር፣ የኛ ሰፈር ስሙን ያገኘው ጣሊያን አገራችንን ስትወር ወረራውን አልቀበልም ካለችው ከሜክሲኮ አገር ነው። እነሱም በዋና ከተማቸው ኢትዮጵያ የሚባል የባቡር ጣቢያ አላቸው። አበበ ሦስተኛውን ኦሊምፒኩን የሮጠው እዚያ ነው፤ ግን ጉልበቱን ታሞ ስለነበር 17 ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋረጠ። ማሞ ወልዴ ቀጠለና አሸነፈ።

ይህ ከሆነ አምስት ወር ነው ያለፈው። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ማታ አበበ ቮልስዋገኗን እየነዳ ሸኖ አካባቢ ሲደርስ መኪናዋ ከቁጥጥሩ ውጭ ሆና ተገለበጠች። በማግስቱ ጠዋት ነው የተገኘው። የአንገቱ አከርካሪ ተጎድቶ ነበር።

እንዴት እንደደረሰ የሚነገረው አንድ ዓይነት አይደለም። ልጁ በጻፈችው መጽሐፍ ከፊቱ በፍጥነት ይመጣ የነበረ ላንድሮቨር ለማምለጥ ሲል ነው ይላል፤ ሌላ የሚሉም አሉ። ስለዚህ ጥፋተኛው ይህ ነው ብዬ አልጽፍም። አጎቴም ይህን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። ማንም ሹፌር ምን እንዳጠፋህ ይነገርህ፣ የክሱን ወረቀት አንብብ፣ ካላመንክበትም አቤት በል፣ ፍርድ ቤት ድረስ መሄድም ትችላለህ የሚለው መብት አለው አለኝ። ቅጣቱም ብር ብቻ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. የወጣውና በኋላ የተሻሻለው ደንብ ቁጥር 208 ጥፋት በሪከርድ እንዲያዝ ያደርግ ነበር፤ ሪከርዱ ሲበዛም መንጃ ፈቃድ ይታገድ ነበር። እኔም ጠየቅኩት፦ ሸኖ መንገድ ላይ በሌሊት ትራፊክ ይቆማል ወይ? አይቆምም አለኝ። ታዲያ ከፊት መኪና ሲመጣ ረጅሙን መብራት ዝቅ የሚያደርግ፣ ፍጥነት የሚቀንስ፣ ማን አይቶት ነው? እሱን አልመለሰልኝም።

አበበ ለሕክምና እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተላከ። መጀመሪያ አንገቱን እንኳን ማንቀሳቀስ አይችልም ነበር። ስምንት ወር ታክሞ እጆቹ ዳኑ፣ እግሮቹ ግን እስከ መጨረሻው አልተነሱም። ሁለት ጊዜ ዓለምን ያስደነቁት እግሮች ማለት ነው። እዚህ ጋ ስጽፍ ትንሽ አቆምኩ።

እሱ ግን አላቆመም። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ቀስት መወርወርና ጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም. ኖርዌይ ሄዶ ውሻ በሚጎትተው የበረዶ ጋሪ ውድድር አሸነፈ። ሸዋ ተወልዶ በበረዶ ላይ! ማሸነፉንም አደጋውንም የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ብሎ ተቀብሎት ነበር ይባላል።

ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ አረፈ። ዕድሜው 41 ነበር። ብሔራዊ የሐዘን ቀን ታውጆለት በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።

ዮሴፍ ከኛ ከሜክሲኮ ሩቅ አይደለም። ክበባችን መቃብሩን ሊጎበኝ ስላሰበ መሄድ የምትፈልጉ ስማችሁን ለክበቡ ጸሐፊ አስመዝግቡ። የሚወስደን አጎቴ ነው። ግን ቶሎ ተመዝገቡ፣ በወንበሩ ልክ እንጂ ትርፍ አልጭንም ብሏል።