ጋስቶን ፕላንቴና የእርሳስ ባትሪው

በመኪና ሞተር አጠገብም ሆነ በኤሌክትሪክ ሣር ማጨጃ ወንበር ሥር ተቀምጦ የምናገኘው የእርሳስ ባትሪ ከአንድ መቶ ስድሳ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። አባቱ ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ጋስቶን ፕላንቴ ነው። ታሪኩን ለሙያ ባልደረቦቼ ማቅረብ የወደድሁት ዝናውን ለማደስ ብዬ አይደለም፤ ባትሪ ስለ መምረጥና ስለ መንከባከብ ዛሬ የምንሰጠው ምክር አብዛኛው መነሻው የእርሱ ሥራ በመሆኑ ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ፕላንቴ በ1834 በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ በምትገኘው በኦርቴዝ ከተማ ተወለደ። በ1854 በፓሪስ የታወቀው የፊዚክስ ሊቅ የኤድሞን ቤክሬል ረዳት ሆነ። ስሙ በመጀመሪያ የተጠራው ግን በኤሌክትሪክ አልነበረም፤ በ1855 በፓሪስ አጠገብ በሜዶን ያገኘው ቅሪተ አጥንት የአንድ ግዙፍ ጥንታዊ ወፍ ሆኖ በመገኘቱ፣ ወፉ በእርሱ ስም ጋስቶርኒስ ተባለ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ዕድሜውን አጥንት ሲፈልግ ባሳለፈ ነበር።

እርሱ ግን ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። በዚያን ዘመን የነበሩት ባትሪዎች በውስጣቸው ያለው ንጥረ ነገር ሲያልቅ የሚጣሉ ነበሩ፤ በሬዲዮና በእጅ መብራት የምንጠቀምበት የባትሪ ድንጋይ የእነርሱ ዘር ነው። ፕላንቴ የተለያዩ ብረቶችን እየለዋወጠ ሲመረምር፣ በድኝ አሲድ ውስጥ የተነከረ እርሳስ የተሰጠውን ኃይል ከሌሎቹ ይልቅ በብርታትና ለረጅም ጊዜ መልሶ እንደሚሰጥ ተረዳ። በ1859 ሁለት ረጃጅም የእርሳስ ሰሌዳዎችን እንዳይነካኩ ለይቶ፣ እንደ ምንጣፍ ጠቅልሎ፣ በቀጭን አሲድ በተሞላ ማሰሮ ውስጥ አኖረ። በ1860 ዘጠኙን በአንድነት አያይዞ ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አቀረበ።

ሆኖም ባትሪው የሚሞላበት ርካሽ የኤሌክትሪክ ምንጭ በዚያን ጊዜ አልነበረም። ፕላንቴ የሚሞላውን ባትሪ የሚሞላው በሚጣለው ባትሪ ነበርና፣ ሥራው ለብዙዎች የላቦራቶሪ መጫወቻ ሆኖ ሳይታይ አልቀረም። የግራም ዲናሞ በ1871 እስኪመጣ ድረስ ዓመታት አለፉ። ሰውዬው ግን ሥራውን አልተወም። አዲስ ሰሌዳ የሚይዘው ኃይል እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ ባትሪውን ለወራት ሲሞላና ሲያራግፍ፣ የኃይሉን አቅጣጫ ሲያገላብጥ ቆየ። በእያንዳንዱ ዙር የእርሳሱ ገጽ ይበልጥ እየተቦረቦረ የመያዝ አቅሙ አደገ።

ከዚህ የምናገኘው ቁም ነገር አለ። ደጋግሞ መራገፍን የሚችለው ወፍራም ሰሌዳ ያለው ባትሪ ነው። የመኪና ማስነሻ ባትሪ ሰሌዳዎቹ ብዙና ስስ ናቸው፤ ለጥቂት ሴኮንድ ከፍተኛ ኃይል ይሰጣል እንጂ ለሰዓታት ሥራ አልተፈጠረም። የአሜሪካው ጀነራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ በ1969 ኤሌክ-ትራክ የተባለውን የጓሮ ትራክተር ለገበያ ሲያቀርብ፣ የመረጠው ስድስት ባለ 6 ቮልት፣ በጥልቀት መራገፍን የሚችሉ ባትሪዎችን ነበር። ዛሬ በአዳዲሶቹ ማጨጃዎች የሊቲየም ባትሪ ቦታውን እየወሰደ ቢሄድም፣ የምርጫው ጥያቄ ያው ነው፤ ስንት ሰዓት ይሠራል፣ ስንት ጊዜስ ይራገፋል?

በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋ ሣሩ የሚታጨደው በማጭድ ስለሆነ ይህ የሩቅ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከዋናው መስመር ርቆ በፀሐይ ኃይል የሚበራ ጤና ኬላ ወይም ትምህርት ቤት የሚጠይቀው ባትሪ የማጨጃው ዓይነት ነው። በርካሽነቱ ተመርጦ የመኪና ባትሪ ቢያያዝለት፣ ሌሊት ለሚመጣ ሕመምተኛ መብራት የሚታጣበት ቀን ሩቅ አይሆንም። አጠባበቁም አንድ ነው። የተራገፈ ባትሪ ሳይሞላ ሲቀመጥ በሰሌዳው ላይ የተፈጠረው ሰልፌት ይጠነክርና ወደ ቀድሞው አይመለስም። በውጭ አገር ማጨጃውን የሚገድለው በበረዶ ወራት ተራግፎ መቀመጡ ነው፤ በዋግ ደግሞ ይህን አደጋ የሚያመጣው የክረምት ደመና ነው። ስለዚህ በክረምት ፍጆታን መቀነስ፣ ከግማሽ በታች እንዳይራገፍ መጠበቅ፣ ውሃው ሲጎድል የተጣራ ውሃ ብቻ እንጂ አሲድ አለመጨመር ይገባል። ወደ ተከዜ ሸለቆ፣ ወደ ዝቋላና አበርገሌ ቆላ ሲወረድ ሙቀቱ ሌላ ጠላት ነው፤ ከ25 ዲግሪ በላይ ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የባትሪው ዕድሜ በግማሽ ገደማ ያጥራል። ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከማስቀመጥ ነፋስ የሚገባበትን ጥላ መፈለግ ይሻላል፤ ሲሞላ የሚወጣውም ጋዝ ተቀጣጣይ ነውና ክፍሉ መታፈን የለበትም።

ወደ ፕላንቴ እንመለስ። በ1881 የአገሩ ልጅ ካሚል ፎር የእርሳስ ኦክሳይድ ሊጥ በሰሌዳው ላይ በመለጠፍ የወራቱን ድካም እጅግ አሳጠረው፤ ፋብሪካዎችም ባትሪን በብዛት ማምረት ቻሉ። በዚያው ዓመት ጉስታቭ ትሩቬ በፕላንቴ ባትሪ የሚንቀሳቀስ ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ በፓሪስ አስኬደ። ፕላንቴ በበኩሉ ብዙ ባትሪዎችን አያይዞ ከፍተኛ ቮልቴጅ በማመንጨት የመብረቅን ጠባይ ወደ መመርመር አዘነበለ። በ1889፣ ዳግማዊ ምኒልክ በእንጦጦ ከመንገሣቸው ጥቂት ወራት አስቀድሞ፣ በ55 ዓመቱ በሜዶን አካባቢ ዐረፈ።